ሦስተኛው የሸሚዝ ቁራጭ

በጎጆው ግድግዳ ላይ የአርዲት ኬስለር ሁለት የሸሚዝ ቁራጮች በምስማር ተመትተው ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ ባለ መስመር። በእነሱ የፔንሲልቫኒያ ጫካ አጋዘን ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ የኋላ ጫፍ በመቀስ ይቆረጣል፤ ስሙና ዓመቱ ይጻፍበትና ለመሳቂያ ይሰቀላል። ይህ የአዳኞች ካምፕ ሁሉ ልማድ ነው። የኬስለሮች ካምፕ ግን የአርዲት አባት የጨመሩት የራሱ ሕግ አለው። ሦስት ዓመት በተከታታይ የሳተ ሰው ጠመንጃውን ሰቅሎ ምድጃው ዘንድ ይቀራል፤ ለሌሎቹ ያበስላል።

አርዲት ደግሞ ምግብ አይሆንላትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች፣ ባሏ በሕይወት ሳለ እንቁላል እንኳ ጠብሶ የሚያበላት እሱ የነበረ ሴት ናት። ነገሩ ግን የምግብ አልነበረም። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ፣ በየዓመቱ በኅዳር ከሚከበረው የምስጋና በዓል ቀጥሎ ባለው ሰኞ፣ አደን በሚከፈትበት ቀን፣ ሳይነጋ ወጥታ ከወንዙ በላይ ካለው ቋጥኝ ሥር ትቀመጣለች። አባቷ ያሳዩዋት ቦታ ነው። ያንን ቦታ ማጣት ፈራች። ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት የምትፈራው ሌላ ነገር ብዙም አልነበራትም።

ዓይኗ ደህና ነው። የከዳት ጣቷ ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው ቁርጥማት አጣሞታል። ጠመንጃዋ የአባቷ ነው፤ ከሥሩ ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ጥይት የሚያጎርስ፣ ጥሩ ግን ያረጀ መሣሪያ። ምላጩ እንደ ዛገ በር አልሳብ ይላል። በግድ ስትስበው እጇ ይንቀጠቀጥና አፈሙዙ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ሁለቱንም ዓመት የሳተችው እንዲያ ነው።

በመስከረም ጠመንጃውን ይዛ ኤመሪ ስቶልትዝ ዘንድ ሄደች። ኤመሪ ከቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ጠመንጃ ይጠግናል። በልጅነቱ በእሷ አውቶቡስ ይመላለስ ነበር፤ ዛሬ ጢሙ ሸብቷል። የእጅ ሚዛን ምላጩ ላይ አንጠልጥሎ ሳበና ፊቱን አጨማደደ።

«ሦስት ኪሎ ተኩል! ወይዘሮ አርዲት፣ ይሄ የጠመንጃ ምላጭ ነው ወይስ የአውቶቡስዎ የእጅ ፍሬን?»

«አውቶቡሴን ተዋት! ከኋላ ወንበር ሆነህ የሴቶቹን ፀጉር ስትጎትት ማን ነበር የሚያስጥላቸው?»

ኤመሪ ሳቀ። «እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። አዲስ ምላጭ እገጥምልዎታለሁ፣ ሞላውንም እቀይራለሁ። ወደ አንድ ኪሎ ከሩብ ይወርዳል። ግን ጣትዎ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የለመደው መጎተት ነው። ከአሁን በኋላ መንካት ብቻ ነው። እሱን እኔ መግጠም አልችልም።»

ጠመንጃው ከተሠራ በኋላ በየማለዳው ሳሎኗ ውስጥ ተለማመደች። ጥይት አለመኖሩን ሁለት ጊዜ ታያለች፤ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም ታስቀምጥና ምላጩን ትስባለች። ሳንቲሙ ካልወደቀ እጇ አልተነቃነቀም ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳንቲሙ ሶፋው ሥር እየገባ፣ ተንበርክካ ስትፈልግ የምታወርደውን እርግማን ጎረቤት ሁሉ ሰማ። በጥቅምት መጨረሻ ግን አልወድቅ አለ። አርዲት ደስ ብሏት ለራሷ አጨበጨበች። ሳሎኑ ሙቅ መሆኑ፣ ጣቷም ባዶ መሆኑ ትዝ አላላትም።

ሰኞ ሲነጋ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ወፍራም የሱፍ ጓንቷን አጥልቃ ከቋጥኙ ሥር ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ከዛፎቹ መሃል ብቅ አለ። ጠመንጃውን አነሳች፤ ገና ሳታነጣጥር በጓንት የወፈረው ጣቷ ምላጩን ነካውና ጥይቱ ባረቀ። ከአጋዘኑ ፊት በረዶ ቦነነ። እንስሳው ድምፁ ከየት እንደመጣ ጠፍቶት አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ። አርዲት እጀታውን ገፍታ መለሰች፣ ጓንቷን በጥርሷ መንጭቃ አወለቀች፣ ትንፋሿን ያዘች፤ ከዚያ በባዶ ጣቷ ነካችው። አጋዘኑ ጥቂት እርምጃ ሮጦ ወደቀ። እሷም እንባዋ መጣ።

ቀትር ላይ አጋዘኑን በበረዶው ላይ ጎትታ ስትመለስ ጎጆው ውስጥ ታላቅ ወንድሟ ደልማር ብቻ ነበር። የካምፑ አለቃ እሱ ነው፤ መቀሱም በእሱ እጅ ነው።

«ሁለት ጥይት ሰማሁ» አላት። «አጋዘኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን አንድ ነው።»

ሌላ ያየ ሰው የለም። አንዱ በርቀት ያለ ሌላ አዳኝ ነው ብትል ያምናት ነበር።

«የመጀመሪያውን ሳትኩ» አለች። «ሦስተኛዬ ነው። ሕግ ሕግ ነው፣ ቁረጥ።» ጀርባዋን ሰጥታው የሸሚዟን ጫፍ አወጣች።

ጠበቀች። መቀሱ ይንሿሿል እንጂ አይቆርጥም። ዞር ብላ ስታይ የደልማር አውራ ጣት መቀሱ ቀዳዳ ውስጥ አልገባ ብሎታል። መገጣጠሚያዎቹ አብጠዋል፤ ልክ እንደ እናታቸው እጅ። ከዚያ ግድግዳውን አየች። አራት ዓመት ሙሉ የደልማር ቁራጭ አልተሰቀለም። በየዓመቱ «ምንም አላየሁም» እያለ ነበር የሚመለሰው።

«ደልማር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተኮስከው መቼ ነው?»

ወንድሟ መሬት መሬት አየ። «አያቸዋለሁ፣ አርዲት። በፊቴ ያልፋሉ። ምላጩ እምቢ ይለኛል፤ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ።»

መቀሱን ከእጁ ወስዳ የሸሚዟን ጫፍ ራሷ ቆረጠች፣ ስሟንና ዓመቱን ጻፈችበት፣ ከሁለቱ ጎን በምስማር መታችው።

«በል፣ ሽርጡን አቀብለኝ» አለችው።

ደልማር ሽርጡን ከምስማሩ አወረደና በራሱ ወገብ ላይ አደረገው፤ ማሰሪያው ግን አልቋጠር አለው። «ዞር በይ እባክሽ! አንቺ ካበሰልሽማ እስከ ረቡዕ ሁላችንም እናልቃለን። ስቶ የተናገረ ሰው ያብስል ከተባለ፣ ሳይተኩስ አራት ዓመት የዋሸው ምን ሊባል ነው? ይልቅ ይሄን እሰሪልኝ።»

አሰረችለት።

ቅዳሜ ካምፑ ሲበተን አርዲት ወደ ቤቷ ሳትሄድ በቀጥታ ወደ ኤመሪ ነዳች። ከመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ጠመንጃ ተኝቶ ነበር፤ አንዱ የደልማር ነው።