የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ተከራይ

ቡታጅራ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ማለዳ ማለዳ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ የዕለቱን ትምህርት ለግድግዳው ጮክ ብሎ ይለማመዳል። አከራዩ ወይዘሮ ዘርፈሽዋልም ሳትወድ በግዷ ትሰማዋለች። ሰሞኑን አፍጋኒስታንን ይዟል፤ ተራራው የበዛ፣ ባሕር የሌለው፣ በግ የሚያረባ አገር ነው አሉ። "ሕዝቡ እንግዳ አክባሪ ነው" ሲል ድምፁ ይለሰልሳል።

ለእሷ ለስልሶ አያውቅም። የምጽዋ ልጅ ነው፤ እዚህ ማን አምጥቶ እንደጣለው አይናገርም። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ዛጎል ግን ማንም አይነካበትም። ለመስቀል ክትፎና ከእንሰት ግንድ ተፍቆ የተሠራ ቆጮ በኮባ ቅጠል ሸፍና ብትወስድለት፣ "የግንድ ፍቅፋቂ አልበላም!" ብሎ በሩን ፊቷ ላይ ዘጋው።

ዛሬም ያንኑ "እንግዳ አክባሪ" ሲል ብትሰማው መጥረጊያዋን ጥላ በሩ ላይ ቆመች።

"መምህር፣ እዚያ አገር ሄደው ያውቃሉ?"

"መጽሐፍ ላይ ነው ያነበብኩት። አንቺ ምን አገባሽ?"

"መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬማ" አለች፣ "በሩን ከፍቶ የሰጡትን በልቶ ነዋ እንግዳ አክባሪ ያላቸው።"