ሙሀባን መሃይም ያደረጉ ሰዎች

ሙሀባ ሸዋ ሮቢት የገባችው በ1973 ጳጉሜ፣ ከአሰብ በመጣ የጭነት መኪና ነው። ዕድሜዋ አሥራ አራት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። የተወለደችው የመን ውስጥ ነው፤ አባቷ ከዚሁ አካባቢ፣ ከቀወት ሄዶ ወደብ ላይ ሲሸከም ኖሮ እዚያው ሞተ። አጎቷ አሊዪ ተቀበላት። አማርኛን ከአባቷ አፍ ለቅማ ትናገራለች፤ ማንበብ የምትችለው ግን በዐረብኛ ብቻ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ያለፈችበትን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ፍላጎቷ አንድ ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል መግባት።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ወረቀቱን ዘቅዝቆ ያዘና «ቁርኣን ነው?» አላት።

«አይደለም ጋሼ፤ የሒሳብና የሳይንስ ውጤት ነው።»

«ሀ ሁ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያማ መሃይም ነሽ! ቀበሌ ሂጂና የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አምጪ። ቶሎ በይ ደግሞ፤ አሥራ አምስት የሞላውን ሰባተኛ አንቀበልም።»

ክፍልፋይ የምታባዛ ልጅ፣ ወረቀት ዘቅዝቆ በሚያነብ ሰው አፍ መሃይም ተባለች!

የቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ሊቀ መንበር ጓድ ታከለ ናቸው። ከሽማግሌና ከባልቴት ጋር አስቀመጧት። በወሩ ጋዜጣ ታነብላቸው ጀመር። ግንቦት ላይ ፈተናውንም አለፈች።

«ጓድ ታከለ፣ ወረቀቴን።»

«ቆይ እንጂ እህቴ! ክረምት ሲገባ ተማሪዬ ሁሉ ማሽላ ሊኮተኩት ይሄድብኛል። የቀበሌው ኮታ በማን ይሙላ? አንድ ዙር ድገሚልን፤ ዕውቀት ይበዛብሻል እንዴ?»

«ትምህርት ቤቱስ?»

«ትምህርት ቤት የት ይሄዳል!»

ትምህርት ቤትማ የትም አይሄድም፤ የሚሄደው ዕድሜ ነው። ለጓድ ታከለ ግን ሰው ማለት ቁጥር ነው። ሙሀባ በክረምቱ ዙር እንደ አዲስ መሃይም ተመዘገበች። ከጎኗ የሚቀመጡት እትዬ ፈለቀች «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም አልገባሽም?» እያሉ ይስቁባት ነበር።

በምረቃው ቀን ከአውራጃ እንግዶች መጡ። ጓድ ታከለ ጽፈው የሰጧትን ንግግር ማንበብ ጀመረች፤ «ትናንት በጨለማ ውስጥ ነበርኩ…» አለችና ወረቀቱን አጠፈችው።

«ውሸት ነው። ስመጣም ማንበብ እችል ነበር። ባለፈው ዙር አልፌ ጓድ ታከለ ወረቀቴን ከለከሉኝ። ከመስከረም በኋላ አሥራ አምስት ይሞላኛል። ወረቀቴን ስጡኝ!»

ጓድ ታከለን ላብ አጠመቃቸው። ዋናው እንግዳ ብድግ አሉ። «አያችሁ ጓዶች! መሠረተ ትምህርት እንዲህ ደፋር ያደርጋል!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ምን እንዳለች የሰማ የለም። ለፎቶው ሲባል ግን ወረቀቱ እዚያው ተሰጣት።

በማግስቱ ለዳይሬክተሩ አቀረበች። «ይህ ወረቀት ከሦስተኛ ክፍል በላይ አያስገባም» አላት። ለሰባተኛ ልታረጅ ነው የተባለችው ልጅ ለሦስተኛ አላረጀችም!

አሊዪ ሲሰማ አንገቱን ደፋ። «በቃሽ ልጄ። ከሕፃን ጋር ተቀምጠሽ መሳቂያ አትሁኚ። ወላሂ፣ የሚያገባሽ አይጠፋም።»

«ይሳቁ አጎቴ። ሰባተኛ የሚደረሰው በዚህ ከሆነ፣ በዚህ እሄዳለሁ።»

ሰኞ ጠዋት የሦስተኛ ክፍልን በር ከፈተች። ስልሳ ሕፃን ባንድ ላይ ብድግ አለ።

«እንደምን አደሩ መምህርት!»

ሙሀባ «ተቀመጡ» አለቻቸውና ወደ ኋላ ሄዳ ከመካከላቸው ተቀመጠች።