በሊኑክስ የተገደፈ ሁዳዴ

ዛሬ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አማቴን ሽሮ ሲበሉ ደረስኩባቸው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምሱ ሴት ናቸው።

"እማማ፣ አመመዎት እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ። ዘጠኝ ሆነ እኮ" ብለው ስብከት የሚያዩበትን ላፕቶፕ አሳዩኝ። እውነትም ሦስት ፒኤም ይላል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ትናንት ከዊንዶውሱ ጎን ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫንኩበት። ሊኑክስ የላፕቶፑን ሰዓት በለንደኑ በግሪንዊች ሰዓት ሲያስቀምጠው፣ ዊንዶውስ እኛ የምንኖርበት የአሜሪካው ሲልቨር ስፕሪንግ ሰዓት መስሎት አራት ሰዓት ቀደመ።

ሁለቱን በአንዲት መስመር ትእዛዝ አስታረቅኳቸው። ከአማት የሚያስታርቅ ትእዛዝ ግን ኢንተርኔት ላይ የለም።

"ለንስሐ አባቴ ደውለህ አንተው አስረዳ" አሉኝ።

ደወልኩ፤ በትሕትና አስረዳሁ። አባም ሰምተው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦ "ልጄ፣ የኔም ላፕቶፕ ከሰሞኑ እንደዚሁ ነው። ትእዛዟን እስቲ ቴክስት አድርግልኝ።"

እናንተስ ሲስተም ስትጭኑ ማንን አስገደፋችሁ?