ግራ ትከሻዬን ከቀኜ ያስተካከልሁበት ክረምት

እኔ በየካ ተራራ ሥር የተወለድሁ ሰው ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ እንጨት ስፈልጥ ተማሪዎቹ ሲጮኹ እየሰማሁ ለብቻዬ ለቀምሁት፤ ይህንም የምጽፈው በዚያው በለቀምሁት ፊደል ነው። ጉልበትንም ያስተማረኝ የለም። ንጉሡ እንጦጦ ላይ በከተሙበት ዘመን ከየካ እስከ ኮተቤ ጥድ በመጣል የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን የማይመሰክር እኩያዬ ካለ ቀናተኛ ነው።

ያ ሁሉ ጉልበት ግን በአንድ ወገን ነበር። ምሳር የምሰነዝረው በቀኜ፣ ሸክም የምሸከመውም በቀኜ ነበርና ቀኝ ክንዴ የወይራ ጉማጅ ሲያክል ግራዬ የጾመኛ ክንድ ይመስል ነበር። ግንዱ እስከ ወደቀበት ቀን ድረስ ግድ አልነበረኝም።

ንጉሡ ለሚያሠሩት አዳራሽ ምሰሶ የሚሆን ጥድ ወደ እንጦጦ ስናወጣ ነው ጉዱ የታየው። ግንዱን ግራና ቀኝ ተሰልፈን በትከሻችን እንይዛለን፤ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ወገን እንለዋወጣለን። በቀኝ ትከሻዬ ሳለሁ ግንዱን ብቻዬን የያዝሁት ይመስል ነበር። ስንለዋወጥ ግራዬ ከዳኝ፣ ግንዱ አዘነበለና ወደቀ። ከኋላዬ የነበረው የኮተቤ ሰው እግሩን ለጥቂት አተረፈ።

የሥራው አለቃ እየሮጠ መጣ።

«አንተ! ግማሽ ሰው ነው እንዴ የላኩልኝ?»

«ጌታዬ፣ ያ ግማሽ የሁለት ሰው ሸክም ይችላል።»

«ምሰሶ የሚፈልገው ሁለት ትከሻ ያለው ሰው ነው። ሂድ፣ ጭራሮ ልቀም!»

የኮተቤው ሰው የእግሩን ጣት እያሻሸ፣ «ወንድሜ፣ በአንድ ወገን የተጫነች አህያ መጨረሻዋ ገደል ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ።

ከግንዱ የተባረረ ሰው አዳራሹ ሲያልቅ ከሠሪዎቹ አይቆጠርም፤ በምረቃው ድግስም ከደጅ ነው የሚበላው። እኔ ከደጅ ልበላ! «የመጨረሻው ምሰሶ ሳይወጣ እመለሳለሁ» ብዬ እዚያው በፊታቸው ማልሁ።

ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ስለ ጨቀየ ግንድ ማውጣት ቆመ። መጀመሪያ ቀኜን አሳርፌ ግራዬን ብቻ ያለ ርኅራኄ አሠራሁት። ለውጡን ለማየት ከዛፍ እርጥብ ልጥ ልጬ ሁለቱንም ክንዶቼን ለካሁና ልኩ ላይ ቋጠርሁ። ሰንብቼ ስለካ ልጡ ግራዬን አልዞር አለ፤ በደስታ ዘለልሁ። ቀኜን ስለካ ግን እሱም ወፍሯል! ያረፈ ክንድ በምን ይወፍራል? ለካ ልጡ ደርቆ አጥሮ ኖሯል። ክርኔም በከንቱ አበጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እኔ ልጡን ጥዬ በደረቀ ጠፍር እንደገና ለካሁ።

እብጠቱ ሲጎድል ሕጉን አገኘሁት፤ ግራ ይጀምራል፣ ቀኝ ይከተላል። ድንጋይ ከወንዝ አንሥቼ አቀበቱን በግራዬ አወጣለሁ፤ ግራዬ የደከመበት ቦታ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያ ያንኑ ድንጋይ በቀኜ አወጣና ምልክቱ ጋ ስደርስ አቆማለሁ፤ ቀኜ ምንም ያህል ጉልበት ቢተርፈው ከዚያ አያልፍም። ምሳሩንም በግራ ወገን መሰንዘር ለመድሁ።

በአገራችን በግራ አይበላም፣ በግራ አይሰጥም። ወሬው ደርሷቸው የንስሐ አባቴ አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ በፍርድ ቀን በግራ የሚቆሙት ፍየሎቹ መሆናቸውን ረሳኸው?»

«አባቴ፣ ስሰግድ ግራ እጄም መሬት ይነካል። የሱን ስግደት እግዚአብሔር አይቀበለውም?»

«አፍህ እንኳ በሁለቱም ወገን ጎልብቷል» አሉና መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቱኝ።

መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ የመጨረሻው ምሰሶ ተነሣ። ማንም ሳይጠራኝ ገብቼ ግራ ትከሻዬን ከግንዱ ሥር አደረግሁ።

«ማን ጠራህ? ውጣ!» አለ አለቃው።

«ከወደቀ ያን ጊዜ ያስወጡኝ።»

«እኔ ከዚህ ሰው ኋላ አልቆምም፤ እግሬን እወደዋለሁ» አለ የኮተቤው ሰው።

«አትቁም፤ ያንተንም ድርሻ እኔ እይዘዋለሁ» አልሁት። እየሳቀ ከኋላዬ ቆመ።

መንገዱ ሲታጠፍ ሌሎቹ ወገን ተለዋወጡ። እኔ እንቢ አልሁ። ትከሻዬ እንደ እሳት ነደደ፣ ጥርሴን ነከስሁ፣ ዓይኔን ላብ ጋረደው። እንደገና ሲታጠፍም እንቢ አልሁ። ግንዱ ሳያዘነብል አዳራሹ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ደረሰ።

አለቃው ገበያ ላይ በሬ እንደሚገዛ ሰው ሁለቱንም ትከሻዬን ዳበሰ።

«የትኛው ነበር ደካማው?»

«ፈልገው ያግኙት።»

ቀኙን ጠቆመ።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልቁጠር፦

ግራ ክንዴን በጠፍሩ ልክ ከቀኜ አስተካከልሁ።

በምረቃው ድግስ ከሠሪዎቹ መካከል ተቀምጬ በላሁ፤ አለቃው ራሱ ነው ቦታ የለቀቀልኝ።

ገደል አፋፍ ላይ የበቀለውን ጥድ፣ በቀኙ ብቻ የሚሰነዝር ቆራጭ መቆሚያ ሲያጣ፣ እኔ በሌላው ወገን ቆሜ ጣልሁት።

በሽምግልናዬ እንኳ ወገቤ አልጎበጠም፤ ያላመነ መጥቶ ይይ።

የኮተቤውንም ሰው በዚሁ ሕግ አሠልጥኜ የሰነፈውን ግራውን አበረታሁለት። እስኪሞት ድረስ ግን «ራሴ ነኝ ያወቅሁት» ይል ነበር። ውሸቱን ነው።