የባለ አስሩ ትርፍ ጣት

በአናጢዎቹ ሰፈር በመጋዝ ሥራ አርጅቶ ጣቱ ሙሉ የሆነ እሱ ብቻ ነበር። «ባለ አስሩ» አሉት፤ በዚያው ቀረ። ያለ እርሳስ መስመር አንዲት ጣውላ ቆርጦ አያውቅም። ሚስቱ «የድስት ክዳን እንኳ ሳይለካ አይከድንም» እያለች ትስቅበታለች።

አንድ የዝናብ ሰሞን ከወርክሾፑ ጓሮ በተከመረው ሰጋቱራ ላይ እንጉዳይ ፈላ። ባለ አስሩ ሳህን ሙሉ ለቅሞ ገባ።

«ይሄ የጅብ ጥላ ነው፤ እኔ አልቀምስም» አለች ሚስቱ።

«ምን ጅብ አለ እዚህ? ከገዛ እንጨቴ የበቀለ ነው። እንጨቱን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ የሰነጠቅኩት እኔው ነኝ።»

በሽንኩርት ጠብሶ ብቻውን በላው፤ ሳህኑንም በዳቦ ጠረገው።

ሳህኑ ገና ሳይታጠብ ባለ አስሩ መሳቅ ጀመረ። የጠረጴዛው እንጨት እንደ ውሃ ይፈሳል አለ። ሚስቱ ቀልድ መስሏት ነበር። ከዚያ ላብ አጠመቀው፤ የዓይኑ ብሌን ሰፋ፤ እጆቹን ዘርግቶ መቁጠር ያዘ።

«አንቺ፣ አስራ አንድ ናቸው።»

«ምኑ?»

«ጣቶቼ ናቸዋ! አንዷ ትርፍ ናት። ላስተካክላት።»

ብድግ ብሎ ወጣ። ወዲያው የኤሌክትሪክ መጋዙ ሲያጓራ ተሰማ።

ሮጣ ደረሰች። እጁን ብትይዘው እንደሚገፈትራት ታውቃለች፤ በር ብቻውን የሚሸከም ሰው ነው። ስለዚህ ደጃፉ ላይ ቆማ እንደ ወትሮዋ ለከፈችው።

«አንተ ሰውዬ! ሳታሰምር ልትቆርጥ? የሰፈሩ መሳቂያ ልትሆን ነው!»

አፈረ። መጋዙን አጠፋና እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። ትንሿ ጣቱ ላይ አሰመረ።

«አይ፣ ሸሸች።» እንደገና አሰመረ። «እስቲ ስኳድራውን አቀብይኝ።»

አቀበለችው፤ በሌላ እጇ የመጋዙን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች። እሱ ሲለካ፣ እሷ በመስኮት ጎረቤታቸውን ባለታክሲ ተጣራች።

ክሊኒክ ሲደርሱም እርሳሱን አልለቀቀም። ነርሷ ግሉኮስ ልትሰካለት እጁን ስትይዝ «ይሄ መስመር ምንድን ነው?» አለችው።

«መቁረጫው ነዋ» አላት፣ ኮራ ብሎ።

በማግስቱ ልቡ ተመለሰ። ሚስቱ የሆነውን ነገረችው። እጆቹን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቶ ብዙ አያቸው።

«ስንት ናቸው?» አለችው።

«አስር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እስቲ አንቺ ቁጠሪያቸው» አለና ሰጣት።

አንድ በአንድ ቆጠረች። ትንሿ ጣቱ ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ መስመሩን ጠረገችለት።