ሦስቱ ረጃጅም ሽማግሌዎች

የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ ስለ ውሃ ተርብ ነበር፤ ስለዚያ ቀጭን፣ ባለ አራት ክንፍ፣ ከወንዝ ዳር የማይጠፋ በራሪ። እየያዝኩ ቁመቱን እለካለሁ፣ ክንፉ ላይ ቁጥር ጽፌ እለቀዋለሁ፣ ከዚያ የትኛው ብዙ እንደሚኖርና የትኛው ሴት እንደሚያገኝ እመዘግባለሁ። እንደ እኔ ላለ ሰው ሥራው ራሱ ስድብ ነው። አጭር ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባጃጁ ሞልቶ እያለ ሾፌሩ "አንድ ሰው" ብሎ የሚጣራው እኔን ሲያይ ነው።

ወንዙን ለጥናቱ ስል መረጥኩት ብል ውሸት ነው። ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ወንዙ የሚያልፍበት መስክ የማፈቅራት ልጅ አባት ይዞታ ነበር። አባትየው አያውቁኝም። ቁመቴ ሳይታወቅ ነገሩን ልጨርስ ብዬ ሽማግሌ ስልክ፣ ከጨዋነታቸው በፊት ቁመታቸውን አየሁና ሦስት ዘንካታ ሰዎች መረጥኩ። ቤተሰቡ ስለ ዘሬ ደህና ነገር ያስባል ብዬ ነው። እነሱም እንደ ወጉ ቆመው ልጅዎን ለልጃችን አሉ፤ አባትየው ለሳምንት ቀጠሯቸው።

በማግስቱ አባትየው ወደ መስኩ ወረዱ። በቅርብ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከእኔም ያጥራሉ። ምን እንደምሠራ ጠየቁኝና ሳይስቁ አዳመጡኝ። ከዚያ ምክር ፈለጉ። ልጃቸውን የረጃጅሞች ዘር ጠይቋታል፤ ለመሆኑ ከእነዚህ ተርቦች ትልቁ ይሻላል ወይስ ትንሹ?

ለአጭር መሟገት ልማዴ ነውና አፌ ቀደመኝ። ትልቁ ቦታ ይዞ ሌላውን ሲያባርር ይውላል አልኳቸው፤ ትንሹ ግን ጥቂት በልቶ ያድራል፣ ቶሎ ይታጠፋል፣ ትልቁ ሲጣላ እሱ ሚስቱን ይዞ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ቦታውን የሚያሸንፉት፣ ሴትም የሚያገኙት ትልልቆቹ መሆናቸው መዝገቤ ላይ ነበር። አልተነፈስኩም።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አሉ። "ቤቴ ገብተው ቆመው ቁልቁል ሲያዩኝ አንገቴን አመመኝ። ለእነዚያ ልጅ አልሰጥም።"

በገዛ አፌ ልጅቷን ማስከልከሌ ነው። ሌላ መላ ስላጣሁ፣ ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ከእግር እስከ ራስ አዩኝ፤ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

"እነዚያ ታዲያ ምንህ ናቸው?"

ምኔም እንዳልሆኑ፣ አንደኛው የአከራዬ ወንድም፣ ሁለቱ ደግሞ የእሱ ጓደኞች እንደሆኑ ተናዘዝኩ። አፈርኩ፤ ከአጭርነቴ ይልቅ በዚያ አፈርኩ። እሳቸው አንድ ቁጥር የተጻፈበት ተርብ ከሸምበቆው ላይ ሲነሣ አዩና፣ የራሴን ሰዎች እንድልክ ነግረውኝ ሄዱ።

በሳምንቱ ሦስቱ አጎቶቼ ሄዱ። አንዳቸውም ከእኔ አይበልጡም። በራፉ ላይ ቆመው ገና "ልጅዎን" ሲሉ አባትየው ከመደባቸው ተነሡ፤ አንገታቸውን ቀና ማድረግ ሳያስፈልጋቸው በየተራ ዓይን ዓይናቸውን አዩአቸው።

"ተቀመጡ" አሉ። "ልጄን ሰጥቻለሁ።"