የወለተሩፋኤል ሳፋ

ከጣሊያን ጦርነት ማግስት የጎንደር የሆቴል ሥራ እንዴት እንደሚያገግም ለመምከር በከተማው ሦስት ስብሰባ ተጠራ። በሦስቱም ያገገመው የተሰብሳቢው ሆድ ነው። በመጨረሻው ግን ወረቀት ወጣ። የጻፉት የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አቶ ሐዲስ በዕድሜያቸው አንድ እንግዳ አሳድረው አያውቁም፤ ስለዚህም ስለ እንግዳ አያያዝ የማያውቁት ነገር አልነበረም። «በሆቴል ውስጥ የእንግዳ እግር ማጠብ ኋላ ቀርነት ነውና ይቅር፤ ጠረጴዛ ላይ ደወል ይቀመጥ።»

ወለተሩፋኤል የመሪጌታ ልጅ ናት። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ባለ ስድስት ክፍል ቤት ከመንግሥት ተከራይታ ሆቴል ከፍታለች። በአባቷ ቤት እግሩን ሳይታጠብ ማዕድ የቀረበ እንግዳ አልነበረም። ቢሆንም ትእዛዝ ነውና የመዳብ ሳፋዋን ጓዳ ከተተች፤ ደወሉን አስቀመጠች። ደወሉ ላይ ከዝንብ በቀር ያረፈበት የለም። ከአስመራ ሊማሊሞን ወጥተው የሚመጡ ሾፌሮች ነጩን አንሶላ በመስኮት ያያሉ፣ ጭቃ የጠጣ እግራቸውን ያያሉ፤ ተመልሰው ካሚዮናቸው ላይ ሸራ ለብሰው ያድራሉ።

አቶ ሐዲስ መጡ። «እስከ ሐምሌ አቦ ክፍሎቹ ካልሞሉ ቁልፉን ትመልሻለሽ» አሏት።

በሰኔ መጨረሻ፣ አመሻሹ ላይ፣ አያ ዋኘው የሚባለው ሽማግሌ ሾፌር በሯ ላይ ቆመ። ማኪናውን አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጭቃ ስለያዘበት በእግሩ ነው የመጣው።

«ምነው አያ ዋኘው፣ አትገባም?»

«ይህን እግር ይዤ? ቤትሽ ሸጋ ነው ልጄ። እኔን ደጁ ይበቃኛል።»

ወለተሩፋኤል ደወሉን አየች፤ ያበጠውን እግር አየች። ጓዳ ገብታ ሳፋውን ለብ ባለ ውሃ ሞልታ ወጣች።

«ኋላ ወረቀቱ እንዳይቆጣሽ» አለ ዋኘው።

«ወረቀት እግር የለው፣ ምን ያውቃል? ተቀመጥ።»

አጠበችው፤ እንደ አባቷ ቤት ወግም እግሩን ሳመችው። ዋኘው ለጦርነቱ ከዘመተ ወዲህ እንዲህ ያለ እጅ አልነካውም ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲነጋ ለሾፌሮቹ ሁሉ ነገራቸው። ለሐምሌ አቦ ሦስት ቀን ሲቀር ስድስቱም ክፍል ሞላ።

በአቦ ዕለት አቶ ሐዲስ ቁልፉን ሊረከቡ በዝናብ መጡ። በመንገድ ላይ ቦይ ውስጥ ገብተው ኖሮ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው።

«ጌታዬ» አለ ዋኘው ከተቀመጠበት፣ «እዚህ ቤት መጀመሪያ እግር ነው፣ ቁልፍ ኋላ ነው።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። አቶ ሐዲስ ወንበር ሳቡ። ወለተሩፋኤል ጎንበስ ብላ አጠበቻቸው።

«ውሃው ሸጋ ነው» አሉ በመጨረሻ። ከሦስቱ ስብሰባ ወዲህ የተናገሩት እውነት ይኸው ነው። ቁልፉን ሳይጠይቁ፣ ካልሲያቸውንም ምድጃው ዳር ረስተው ሄዱ። በአራተኛው ስብሰባ «ሥራው በወረቀታችን አገገመ» አሉ አሉ። ይበሉ።

ደወሉን ወለተሩፋኤል ለዋኘው ሰጠችው፤ እሱም ማኪናው ግንባር ላይ አንጠለጠለው። ከደባርቅ መንገድ ሲያቃጭል በሰማች ቁጥር «ተመስገን» ትልና ውሃ ትጥዳለች።